ፊተኛ መሆንና በር መክፈት

የሰው ልጅ ፊተኛውን ሰው ማመስገን ይወዳል። ወንዙን መጀመሪያ የተሻገረ፣ ጫካውን መንጥሮ መጀመሪያ ያረሰ፣ ከመንደሩ መጀመሪያ ተምሮ ሹመት ያገኘ ሰው ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ የማያመሰግን ሕዝብ ሁለተኛ የሚያመሰግነው ሰው አያገኝምና። ነገር ግን ምርመራ የሌለበት ምስጋና ከሐሜት ብዙ አይሻልም፤ ሁለቱም ሰውየውን ሳያዩ ስለ ሰውየው የሚናገሩ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ልመረምር ያሰብሁት በፖሊስ ሠራዊት ከከፍተኛ ማዕረግ ደርሰው ሳለ የተወለዱበትን ሕዝብ ስም በአደባባይ በመጥራታቸው ከፊተኞቹ የሚቆጠሩትን ጄኔራል ታደሰ ብሩን ነው። ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ስለ እርሳቸው የሚነገረውንም አብሬ እመረምራለሁ። ታሪካቸው ዛሬ በሦስት ዐይነት ይነገራል፤ በሦስቱም ውስጥ እውነት አለ፤ ሦስቱም ግን ዋናውን ነገር ያልፉታል ብዬ አምናለሁ።

አንባቢ ምናልባት፣ «በዱራሜ የተቀመጠ ጡረተኛ መምህር ስለ ሰላሌ ተወላጅ ምን አገባው? ደግሞስ ኦሮሞ በአገራችን በቁጥር ብዙ ሕዝብ ሆኖ ሳለ እንዴት ከአናሳዎች ጋር ይቆጠራል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ይኸው። ሕዝብ ጥቂት ወይም ብዙ የሚባልበት መለኪያ ሁለት ነው፤ አንደኛው የሰው ቁጥር፣ ሁለተኛው የወንበር ቁጥር። በሰው ቁጥር እኛ ከምባቶች ጥቂቶች ነን፤ ኦሮሞዎች ብዙዎች ናቸው። በወንበር ቁጥር ግን፣ ይኸውም ትእዛዝ በሚሰጥበት፣ ክስ በሚጻፍበትና ፍርድ በሚነበብበት ስፍራ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሁለታችንም ከበሩ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር።

ይህን የምለው ለምሳሌ ያህል ብቻ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ስቆጥር የቤቴ ቋንቋ ሌላ፣ የመጽሐፌ ቋንቋ ሌላ ነበረ። ለተማረ ልጅ ነገሩ ጥቅም ነበረው፤ ከጎረቤቱ ከሀዲያና ከወላይታ፣ ከሩቅም ከጎንደርና ከሐረር ሰው ጋር ተነጋገረበት። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዚያው ቋንቋ ነውና ውለታውን አልክድም። ላልተማረው ገበሬ ግን ያው ቋንቋ ግድግዳ ነበረ። በሬው የተሰረቀበት ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ የመጀመሪያ ጭንቀቱ ሌባው ሳይሆን አስተርጓሚው ነበር። ቃሉን በከምባትኛ ይሰጣል፤ ሌላ ሰው በአማርኛ ይናገርለታል፤ ሦስተኛ ሰው ይጽፈዋል፤ እርሱም ሊያነበው በማይችለው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ያትማል። ቀይ ያለው በሬ በወረቀቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ቢገኝ በምን ያውቃል? እንግዲህ እንዲህ ካለው ሕዝብ ወገን የሆነ ሰው በዚያው ቤት አዛዥ ሆኖ መታየቱ ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

የጄኔራል ታደሰ ሕይወት በአጭሩ እንዲህ ነው። በሰላሌ ተወለዱ። በጣልያን ወረራ ዘመን ገና ወጣት ሳሉ ከአርበኞች ጋር ሆኑ፤ በጠላት እጅ ተይዘውም ሞቃዲሾ ታሰሩ። የእንግሊዝ ጦር ሶማሊያን ሲይዝ ከእስራት ወጥተው በኬንያ ሠለጠኑና ለአገራቸው ነፃነት ከሚዋጉት ጋር ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በጦር ሠራዊት፣ ቀጥሎም በፖሊስ ሠራዊት አገለገሉ፤ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ አዛዥ፣ የፖሊስ ሠራዊት ምክትል አዛዥ፣ በኋላም የብሔራዊ ጦር አዛዥ ሆኑ። ከዚሁ ጋር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሊቀ መንበር ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር አባል ሆኑ፤ በ1959 ታሰሩ፤ ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦ በሐረርጌ ገለምሶ በግዞት ተቀመጡ። በአብዮቱ ጊዜ ተፈቱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሸፈቱ፤ ተይዘውም በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ተገደሉ። ከንጉሡ መንግሥት የሞት ፍርድ የተረፉት ሰው ንጉሡን ባወረደው መንግሥት እጅ ሞቱ። የታሪኩ አጥንት ይህ ነው፤ ሥጋ የሚያለብሱት ግን ተራኪዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ትረካ «ማንዴላን ያሠለጠኑ ሰው» የሚል ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ሠፈር የጦር ትምህርት ሲማሩ ኮሎኔል ታደሰ፣ ያን ጊዜ ማዕረጋቸው ይኸ ነበርና፣ የጦርነትን ጥበብ አስተምረዋቸዋል፤ ሲሰናበቱም ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተዋቸዋል። ማንዴላ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ይህን አስፍረዋል። ክብሩ እውነተኛ ነው። ሆኖም የአንድን ሰው ሕይወት ባስተናገደው እንግዳ ዝና መለካት ቤቱን ትቶ እንግዳ የተቀመጠበትን በርጩማ ማድነቅ ነው። ከዚህ ትረካ ልንማር የሚገባን ሌላ ነገር አለ። በደቡብ አፍሪካ ያለውን የዘር አገዛዝ የተቃወመውና ታጋዩን በሠፈሩ አስቀምጦ ያሠለጠነው መንግሥት፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ አሠልጣኙን አሰረ። ክሱ ሌላ፣ ነገሩ ሌላ ነው የሚል ይኖራል፤ ይበል። የሩቁን በደል ማየት ከቅርቡ ይልቅ እንደሚቀል ግን የሚክድ የለም። እኛስ ብንሆን የሌላውን አገር ግፍ በራዲዮ ሰምተን እያዘንን በደጃችን ያለውን ባለጉዳይ የምናመላልስ ስንቶች ነን?

ሁለተኛው ትረካ ስለ ታማኝነት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ባደረጉ ጊዜ የፖሊስ ሠራዊቱ አዛዥ ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከአድራጊዎቹ ጋር ሆኑ። ታደሰ ብሩ ግን ከአለቃቸው ተለይተው ለንጉሠ ነገሥቱ ቆሙ፤ ለአድራጎቱ መክሸፍም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ናቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ ያው ሰው በመንግሥት ላይ በማሤር ተከሰሱ። ስለዚህ አንዱ ወገን «ታማኝ ነበሩ፤ ኋላ ከዱ» ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ «በ1953 ተሳስተው ነበር፤ ኋላ ታረሙ» ይላል። ሁለቱም ሕይወታቸውን ለሁለት ሰንጥቀው ግማሹን ይጥሉታል። እኔ ግን በሁለቱ ዘመን መካከል የታማኝነት መቋረጥ አይታየኝም። የፖሊስ መሐላ ምንድን ነው? ሕግን ማስከበር፣ ደካማውን ከጉልበተኛ መጠበቅ ነው። በ1953 መንግሥቱ በጠመንጃ እንዳይለወጥ የቆመ ሰው፣ ጥቂት ቆይቶ በሕግ ተመዝግቦ በተቋቋመ የመረዳጃ ማኅበር ገብቶ ለሕዝቡ ትምህርት ቤት፣ መንገድና ሐኪም ቤት ይሠራ ዘንድ ቢሻ፣ ይህ የመጀመሪያውን መሐላ ማፍረስ ሳይሆን ለሁሉም እኩል እንዲሠራ መጠየቅ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው፣ በኅዳር 1959 በሲኒማ ኢትዮጵያ ስለ ፈነዳው ቦምብና ስለ ክሱ፣ ፍርድ ቤቱ የፈረደውን ፈርዷል፤ እኛ ችሎት ልንቀመጥ አልተነሣንም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር በሰላም የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን ይዞ የሚቆምበት ደጅ የቱ ነበር?

ሦስተኛው ትረካ ከሁሉ ይልቅ የተወደደው ነው። የመሠረተ ትምህርቱን ዘመቻ በሚመሩበት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ የሰውየውን ኦሮሞነት ባለማወቅ፣ ኦሮሞን ማስተማር ኋላ ችግር እንደሚያመጣና መጠንቀቅ እንደሚገባ መከሯቸው፤ እርሳቸውም ያን ጊዜ ደንግጠው ነቁ፣ ማኅበሩንም ተቀላቀሉ ይባላል። ታሪኩ ለተናጋሪ ይጥማል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰው ይለወጥበታልና። ነገር ግን ልብ ብለን እንየው። ታሪኩ እንደሚነገረው ከሆነ፣ የታደሰ የሃያ ዓመት አገልግሎት እንቅልፍ ነበረ ማለት ነው፤ የመንቃታቸውም ምስጋና ለሰደባቸው ሰው ይሆናል። ስድብ ሰውን ሰው አያደርገውም። ምክሩ ከመሰጠቱ በፊት ሰውየው ምን ሲሠሩ ነበር? ፊደል ሲያስቆጥሩ ነበር! ሰውየው የተነቀፉት ነቅተው ስለ ነበር ነው።

የዚህ ትረካ እውነተኛ ትምህርት በሌላ በኩል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰውየው ከማን እንደ ተወለዱ አላወቁም ከተባለ፣ በዚያ ቤት ያለ ዕንቅፋት የተራመዱት የወገናቸው ስም ሳይነሣ እንደ ነበር ታሪኩ ሳያስበው ይነግረናል። ከእርሳቸው በፊትም ቢሆን በጦርና በአስተዳደር ከፍ ያለ ሥልጣን የያዙ የኦሮሞ ተወላጆች ነበሩ። የመግቢያው ዋጋ ግን ዝምታ ነበረ። «ግባ፣ ነገር ግን ከየት እንደ መጣህ አትናገር» ተብሎ የገባ ሰው ገባ ማለት ይቻላልን? የገባው ልብሱና ማዕረጉ ነው፤ ሰውየው ከውጭ ቀርቷል። ስለዚህ ጄኔራል ታደሰን ፊተኛ የሚያሰኛቸው በሩን ማለፋቸው አይደለም፤ ካለፉ በኋላ ዞር ብለው «ከእነዚያ ከውጭ ካሉት አንዱ ነኝ» ማለታቸው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር በሹመቱ ያልበላ ብቻ ሳይሆን ሹመቱን ለዚህ ቃል የከፈለ ሰው ብርቅ ነው።

አሁን ሦስቱም ትረካዎች የሚያልፉትን ነገር ልናገር። ይኸውም የፊደሉ ሥራ ነው። ተራኪዎች ሽጉጡን፣ መፈንቅለ መንግሥቱንና ስድቡን ያነሣሉ፤ የመሠረተ ትምህርቱን ዘመቻ ግን ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ድልድይ ያደርጉታል። እኔ ዕድሜዬን በጠመኔ ብናኝ ውስጥ የጨረስሁ ሰው ስለሆንሁ ለሙያዬ አደላ ይሆናል፤ ነገር ግን ከፖሊስነታቸው ሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ይመስለኛል። ከላይ የተናገርሁትን በአውራ ጣቱ የሚያትመውን ገበሬ አስቡት። ለዚያ ሰው ከመቶ ፖሊስ ይልቅ የሚጠብቀው የጻፉበትን ማንበብ መቻሉ ነው። ማንበብ የሚችል ሰው በሬው ጥቁር ተብሎ ቢጻፍ «የኔ በሬ ቀይ ነው» ይላል። የፖሊስ አዛዥ ሆኖ የጸጥታ ሁሉ መሠረት ፊደል መሆኑን የተረዳ ሰው ሙያውን እስከ ሥሩ አውቆታል።

ይሁን እንጂ ምስጋናው ሚዛን እንዳይስት ሁለት ነገር እጨምራለሁ። አንደኛ፣ ያ ዘመቻ ፊደል ያስቆጠረው በአማርኛ ነበረ። ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላው ገበሬ ማንበብ ብቻ ሳይሆን ሌላ ቋንቋም አብሮ እንዲማር ተጠየቀ ማለት ነው፤ ይህም ሁለት ሸክም ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ከምባትኛና ሀዲይኛ ከእነዚያ ውስጥ ነበሩ። ያን ዘመቻ የመራው መንግሥት ጄኔራል ታደሰን የገደለው መንግሥት መሆኑ ታሪክ እንዴት ያለ አስተማሪ እንደሆነ ያሳያል፤ መልካም ሥራ ከመልካም እጅ ብቻ እንደማይመጣ ይነግረናልና። ሁለተኛ፣ ፈጥኖ ደራሽ ሁከት ለመበተን የተቋቋመ ኀይል ነው። ስሙ በሰልፈኛና በተማሪ ዘንድ በፍቅር አይነሣም ነበር። በዱላው ጫፍ ያለ ሰው የዱላው ያዥ ከየትኛው ወገን እንደ ተወለደ አይጠይቅም፤ አዛዡ ወገኑ በመሆኑም ሕመሙ አይቀልለትም። ስለ ሰውየው ሲጻፍ ይህ መቅረት የለበትም፤ ጀግናን ከሠራበት መሥሪያ ቤት ለይቶ ማሳየት ታሪክ ሳይሆን ሥዕል ነው።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በካርላይል ከተማ ጆን ኬንት የተባለ ጥቁር ሰው እ.ኤ.አ. በ1837 ፖሊስ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ይሁን እንጂ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በለንደን ፖሊስ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኖ የተቀጠረው ኖርዌል ሮበርትስ የተባለው የአንጉዊላ ደሴት ተወላጅ ሲሆን፣ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1967 ነበረ። በሁለቱ መካከል መቶ ሠላሳ ዓመት አለ! ሮበርትስ በገዛ ባልደረቦቹ እየተዋረደ ሠላሳ ዓመት አገልግሎ ጡረታ ወጣ፤ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎም የንግሥቲቱን የፖሊስ ሜዳይ ተሸለመ። በዚያ ጊዜ ውስጥ በቀጠረው መሥሪያ ቤት ሥዕሉ ሲታይ ብዙ ሰው «በሩ ተከፍቷል» ብሎ አሰበ። ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ሰው መግባቱ በሩ መከፈቱን አለማረጋገጡን ነው። በር መከፈቱ የሚታወቀው ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ዐሥረኛው ሰው ማንም ሳያጨበጭብለት ሲገባ ነው።

እንግዲህ ወደ ዛሬውና ወደ ቤታችን ልመለስ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ክልሎች የየራሳቸውን ፖሊስ እንዲያቋቁሙ ሥልጣን ሰጣቸው። የታሰረ ሰውም የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ደነገገ። እኛም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነን። በዱራሜ ጣቢያ ከምባትኛ የሚናገር ፖሊስ ማግኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም፤ ይህም አባቶቻችን ያላዩት ጸጋ ነው። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል፤ ተረቱ ጥበብ አለው። ነገር ግን ተረቱን ይዘን እንቅልፍ እንዳይወስደን እፈራለሁ። በገበያ ቀን ከሀዲያ የመጣ ነጋዴ፣ ከወላይታ የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ከሐላባ በርበሬ ጭኖ የመጣ ባለጋሪ ገንዘቡ ቢሰረቅበትና ወደዚያው ጣቢያ ቢሄድ፣ በሩ ለእርሱ ምን ይመስላል? የእኛ ልጅስ በሆሳዕና ወይም በሶዶ ቢከሰስ? የትናንቱ በደል አግዳሚው ላይ መቀመጣችን ነበር። አግዳሚው ግን አሁንም ከበሩ ውጭ ነው፤ የተቀመጠበት ሰው ብቻ ተለውጦ ከሆነ ያተረፍነው ወንበር እንጂ ፍትሕ አይደለም።

አንዳንድ ወጣቶች «የእኛ ሰው አዛዥ ከሆነ ይበቃናል» ሲሉ እሰማለሁ። ለእነርሱ የምለው ይህ ነው። የራሱን ሰው ሲያይ ብቻ ጆሮው የሚከፈት ፖሊስ፣ የራሱ ሰው ቢሆንም እንኳ የሚታመን አይደለም፤ ነገ ወገን ማለት ጎሣ፣ ከነገ ወዲያ ቤተ ዘመድ፣ በመጨረሻም ጉርሻ ያቀረበ ሰው ብቻ ይሆናልና። አዛዥ ከየትም ይወለድ፤ የሚመረመርበት ነገር ቃሉ ምን ያህል በጥንቃቄ እንደሚጻፍ፣ የተጻፈውም ለተናጋሪው በሚገባው ቋንቋ ተመልሶ ይነበብለት እንደሆነ ነው። ይህን ያደረገ የጣቢያ ጸሐፊ፣ ማዕረጉ ዝቅተኛ ቢሆንም፣ ብዙ ጄኔራሎች ያልሠሩትን ሠርቷል።

ጄኔራል ታደሰ ብሩን ስናመሰግን እንግዲህ በሚገባቸው እናመስግናቸው። በእንግዳቸው ዝና፣ በአንድ ታኅሣሥ ጦርነት፣ ወይም በአንድ ሰው ስድብ አይደለም። የጠመንጃ አዛዥ ሆነው ፊደልን ከጠመንጃ ስላስቀደሙ፣ በዝምታ የገቡበትን ቤት በዝምታ ለመኖር እንቢ ስላሉ፣ ለዚህም ማዕረጋቸውን፣ ነፃነታቸውን፣ በመጨረሻም ነፍሳቸውን ስለ ከፈሉ ነው። ከእንግዲህም «ከእኛ ወገን የመጀመሪያው» ተብሎ ስም ሲጠራ ከማጨብጨባችን በፊት ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ሁለተኛው ማን ነው? ከበሩ ውጭስ አሁን ማን ተቀምጧል? ለሁለቱ መልስ ካገኘን፣ ያን ጊዜ በደንብ እናጨብጭብ።